የኢስት ሃርለሙ ርእሰ መምህር

ከ1880 እስከ 1920 ባሉት አርባ ዓመታት ከአራት ሚሊዮን በላይ ጣሊያናውያን አሜሪካ ገቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ ከሮም በስተደቡብ ካሉት ድሃ አውራጃዎች የተነሡ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ደሴት ሰሜናዊ ምሥራቅ የሚገኘው ኢስት ሃርለም ብዙዎቹን ተቀበለ፤ በ1930ዎቹም በአሜሪካ ትልቁ የጣሊያናውያን ሰፈር ለመባል በቃ። የአንድ መንደር ሰዎች በአንድ ጎዳና እየተሰባሰቡ የየአካባቢያቸውን ቀበልኛ ይናገሩ ነበር። በየዓመቱ በሐምሌ ወር የቀርሜሎስ ማርያምን በዓል በ115ኛው ጎዳና ያከብሩ ነበር፤ ልጆቻቸውንም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይልኩ ነበር።

የከተማው ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ልጆች የነበራቸው ሐሳብ አንድ ነበር። ልጁ እንግሊዝኛ ይልመድ፣ አሜሪካዊ ይሁን፤ የቤቱን ቋንቋና ልማድ ደጅ ጥሎ ይግባ። አዲስ መጦቹን ለብቻ ሰብስበው እንግሊዝኛ የሚያስጀምሩ ክፍሎች ተከፍተው ነበር፤ ለብዙ ልጆችም ጠቅመዋል። ስለ ወላጆቹ ግን ያሰበ አልነበረም። በደቡብ ኢጣሊያ የገበሬ ልጅ አሥር ዓመት ሲሞላው ለቤቱ እጅ ነው፤ ይሠራል፣ ያግዛል፣ ታናናሾቹን ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ኑሮ ላደገ አባት፣ ልጁን እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ፣ ያውም አባቱን እንዲያፍርበት የሚያስተምር ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው አልተገኘም። በዚህ ምክንያት የጣሊያናውያን ልጆች ከትምህርት በመቅረትና በማቋረጥ ስማቸው ይነሣ ነበር። መምህራኑም ጥፋቱን በልጆቹ ዘር ላይ ለመጫን አልዘገዩም።

ከዚህ አስተሳሰብ ቀድሞ የወጣ አንድ ርእሰ መምህር ነበር። በ1876 በደቡብ ኢጣሊያ የተወለዱት አንጀሎ ፓትሪ፣ ገና በልጅነታቸው ኒው ዮርክ ገብተው መምህር ሆኑ። ከ1913 ጀምሮም በብሮንክስ 45 ቁጥር ትምህርት ቤትን ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል መሩ። ወላጆችን ወደ ግቢያቸው ጠሩ፤ የእጅ ሥራን፣ ሥዕልንና ሙዚቃን ከቀለም ትምህርት ጋር አስተካከሉ፤ የሥራቸውንም ታሪክ በ1917 በመጽሐፍ አሳተሙ። ፓትሪ የሚመሩት ከሁለተኛ ደረጃ በታች የሚማሩ ልጆችን ነበር። ወደ ጉርምስና የገባውን፣ አባቱ ለሥራ የሚፈልገውን፣ ከጎዳናው ጓደኞቹ ጋር የዋለውን ወጣት መያዝ ሌላ ፈተና ነው። ያ ፈተና ለሊዮናርድ ኮቬሎ ተረፈ።

ሊዮናርዶ ኮቪየሎ በ1887 በባዚሊካታ አውራጃ በአቪሊያኖ ተወለደ። አባቱ ፓስኳሌ ቀድሞ ወደ አሜሪካ ሄዶ ነበር፤ እናቱ ልጆቿን ይዛ በ1896 ተከተለችው። ልጁ በመጀመሪያ የገባው አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለድሃ ልጆች ከፍቶት በነበረው ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ በሚታደለው ሾርባ ምክንያት «የሾርባው ትምህርት ቤት» ይሉት ነበር። ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲዛወር አንዲት መምህርት የቤተ ሰቡን ስም ለአፍ እንዲቀልላት ኮቬሎ አለችው። አባትዬው የልጁን የፈተና ውጤት ካርድ ሲያይ ተቆጣ። ልጁ ግን የአስተማሪዋን ቃል ከአባቱ ቃል አስበልጦ ስሙን እንደተቀየረ ተወው። ለዕድሜ ልክ ሥራው መነሻ የሆነው ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት በልጅና በወላጅ መካከል ሲገባ የሚያደርሰውን ጉዳት በራሱ ቤት አይቶታል።

በሰፈሩ ግን ሌላ ዓይነት አስተማሪም ነበረች። አና ሩዲ የተባለች ካናዳዊት ሚስዮናዊት ጣሊያንኛ ተምራ፣ በኢስት ሃርለም ለልጆች መሰብሰቢያ ቤት ከፍታ ነበር። ሊዮናርድ እዚያ መጽሐፍ አነበበ፣ ተከራከረ፣ ተጫወተ። ሰፈሩን ለመርዳት የመጣ ሰው የሰፈሩን ቋንቋ ሲናገር ያየው በእርሷ ነው። በብሮንክስ በሚገኘው ሞሪስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የቤቱ ችግር ሲጠናበት ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ። ሲወጣ ከመምህራኑ ማንም ለምን ብሎ እንዳልጠየቀው ከዓመታት በኋላ በግለ ታሪኩ ላይ በቁጭት አንሥቶታል። ተመልሶ ጨረሰ፤ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶም በ1911 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ።

በዚያው ዓመት ኮቬሎ ዴዊት ክሊንተን በተባለው የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ማስተማር ጀመሩ። ጣሊያናዊ ስም ያላቸው ተማሪዎች በየክፍሉ ተበታትነው፣ ጣሊያናዊነታቸውን እየደበቁ ይኖሩ ነበር። ኮቬሎ በ1914 ለእነዚህ ልጆች የጣሊያን ክበብ አቋቋሙ። ክበቡ ተውኔት አሳየ፣ ወላጆችን ጋበዘ፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን እንዲያስጠኑ አደረገ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኮቬሎ በውትድርና ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። ሲመለሱ የጀመሩትን ወደ ፊት ገፉ፤ ጣሊያንኛ እንደ ፈረንሳይኛና እንደ ስፓኒሽ የትምህርት ዓይነት ሆኖ እንዲሰጥ ጠየቁ።

ጥያቄው ከትምህርት ቦርዱ ይልቅ በመጀመሪያ የከበደው ለራሳቸው ለጣሊያናውያኑ ነበር። ለልጁ ጣሊያንኛ እንዲሰጠው ወላጅ ፈርሞ መጠየቅ ስላለበት፣ ኮቬሎና ተማሪዎቻቸው ደረጃ እየወጡ በየቤቱ ዞሩ። ወረቀት ላይ መፈረም ያስፈራቸው ወላጆች ብዙ ነበሩ። ጣሊያንኛ መማር ልጃቸውን ወደ ኋላ እንዳይጎትትባቸው የሰጉም ነበሩ። በጣሊያንኛ፣ አንዳንዴም በመንደራቸው ቀበልኛ እየተነጋገሩ አሳመኗቸው። የክሊንተን ርእሰ መምህር ፍራንሲስ ፖል ከጎናቸው ቆሙ። በ1922 የከተማው የትምህርት ቦርድ ጣሊያንኛን ከሌሎቹ የውጭ ቋንቋዎች ጋር እኩል አደረገው። ኮቬሎም ትንሽ ቆይተው የጣሊያንኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ፖል የበታች መምህራቸው ያመጣውን ሐሳብ ደግፈው ባይቆሙ ኖሮ የአንድ መምህር ሩጫ የትም ባልደረሰ ነበር። በቋንቋም በልማድም የሚለያዩ ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት የመሪው ድርሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ሠራተኛው የጀመረውን ማስቀጠል።

ክበቡ ያፈራቸው ልጆች በከተማው ታሪክ ስም አላቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ ቪቶ ማርካንቶኒዮ፣ በ1921 በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለ አረጋውያን ጡረታ ንግግር ሲያደርግ፣ በእንግድነት የተገኙት ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ሰሙት። ላጋርዲያ ኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኑ፤ ማርካንቶኒዮ ደግሞ ኢስት ሃርለምን ወክሎ በአሜሪካ ምክር ቤት ለብዙ ዓመታት ተቀመጠ። ኮቬሎ ርእሰ መምህር በሆኑ ጊዜ እነዚህ ሁለት ሰዎች የሰፈሩ ኃይለኛ ወዳጆች ነበሩ።

ክሊንተን በ1929 ወደ ብሮንክስ ሲዛወር የኢስት ሃርለም ወንዶች ልጆች ቅርብ የሆነ የቀለም ትምህርት ቤት አጡ። ሰፈሩ የራሱን ሁለተኛ ደረጃ ጠየቀ። የኢስት ሃርለም ልጅ እጁን እንጂ አእምሮውን የሚያሠራበት ዕድል አያገኝም ብለው የሚያምኑ ሹማምንት፣ የሙያ ማሠልጠኛ ይበቃቸዋል አሉ። ኮቬሎና የሰፈሩ ማኅበራት ግን አልተቀበሉም። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ትምህርት እንዲያገኙ ተከራከሩ፤ ተሳካላቸውም። በ1934 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ108ኛው ጎዳና በአሮጌ ሕንፃ ተከፈተ። ኮቬሎ በኒው ዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመሩ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ-አሜሪካዊ ሆኑ።

ተማሪው በብዛት ጣሊያናዊ ነበር፤ ግን ጣሊያናዊ ብቻ አልነበረም። ፖርቶ ሪካውያን፣ ከሃርለም የሚመጡ ጥቁር ወጣቶች፣ አይሁዶች፣ አየርላንዳውያን፣ ጀርመናውያንና የምሥራቅ አውሮፓ ልጆች አብረው ገቡ። ኮቬሎ ለሁሉም የሚሆን አንድ አሠራር ፈለጉ። ትምህርት ቤቱ በግቢው አጥር የሚያበቃ ሳይሆን፣ ሰፈሩን ራሱን የሚያጠናና የሚያገለግል እንዲሆን ወሰኑ። የማኅበረሰብ አማካሪ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በውስጡም የሰፈሩ ሰዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች በቤት ጉዳይ፣ በጤና፣ በዜግነትና በዘር ግንኙነት ኮሚቴዎች ተከፋፈሉ። ተማሪዎች ካርታ ይዘው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ እየዞሩ በየብሎኩ የትኛው ሕዝብ እንደሚኖር መዘገቡ። የየሰፈሩን ሲኒማ፣ መጠጥ ቤትና ከረሜላ መሸጫ ቆጠሩ፤ ጤና ጣቢያውና ቤተ መጻሕፍቱ የት እንደሚጎድልም ጻፉ። በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባዶ የቀሩ ሱቆች ተጠርገው፣ ቀለም ተቀብተው የሰፈሩ ክበቦች፣ ትንሽ ቤተ መጻሕፍትና የጣሊያናውያንና የስፓኒሽ ተናጋሪዎች የትምህርት ቢሮዎች ሆኑ። የሱቅ በር ከትምህርት ቤት በር ያነሰ ያስፈራል። መሃይም የሆነች እናት ቢሮ ለመግባት ብታፍርም ወደ ሱቅ መግባት ታውቃለች።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ከወዴት ተገኘ? ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነው። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ሥራ ለፈቱ ሰዎች ሥራ የሚሰጥበት ፕሮግራም ነበረው፤ የፍራንክሊን ትምህርት ቤትም ከዚያ ብዙ ሠራተኞችን አገኘ። የማታ ትምህርት ያስተምራሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ይተረጉማሉ፣ ይመዘግባሉ። ኮቬሎ ራሳቸው የሚመጡትን ወላጆች በጣሊያንኛ ያነጋግሩ ነበር፤ ሲያመሽም ለማግኘት የሚቻል ሰው ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «ፖፕ» ይሏቸው ነበር፤ አባባ እንደማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት የዓለም ፖለቲካ ሰፈሩ ድረስ መጣ። በሰኔ 1935 ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ያንኪ ስታዲየም ውስጥ በስድስተኛው ዙር ጣለው። ሃርለምም ጨፈረ። በጥቅምት 3፣ ማለትም መስከረም 22 ቀን 1928 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ከኢስት ሃርለም ጥቂት ጎዳናዎች ወዲያ ያሉት የሃርለም ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጡ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ የጣሊያናውያን ነጋዴዎችን ሱቆች አንገዛም አሉ። በጣሊያናውያኑ ዘንድ ደግሞ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለሙሶሊኒ ጦርነት የሰጡ ሴቶች ነበሩ። በብሩክሊን አንድ ትምህርት ቤት ጥቁርና ጣሊያናዊ ልጆች ተደባደቡ። በኒው ዮርክ ጎዳና ላይ የሚጣሉት ልጆች ስለ አድዋ በቅጡ የሚያውቁት አልነበረም። የሩቅ ጦርነት በእነርሱ መካከል የጥላቻ ስም ሆኖ ገባ። ዶክተር መላኩ በያን በ1936 ኒው ዮርክ መጥተው ለአርበኞች ድጋፍ ማሰባሰብ ሲጀምሩና በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ፣ ማዕከላቸው ከፍራንክሊን ብዙም በማይርቀው ሃርለም ነበር።

የጣሊያንኛ ትምህርት ደጋፊዎችም ከዚህ ጥላ ነጻ አልነበሩም። የፋሺስቱ መንግሥት በውጭ አገር የሚሰጠውን የቋንቋ ትምህርት ለራሱ ዓላማ ይፈልገው ነበር። ኮቬሎ በ1932 የትምህርት ጥናት ቢሮ ያቋቋሙበትን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲውን ካዛ ኢታሊያና፣ ዘ ኔሽን የተሰኘው መጽሔት በ1934 የፋሺዝም መናኸሪያ ነው ሲል ከሶታል። ለሕዝብ ቋንቋ መታገል ለዚያ ሕዝብ ገዢ ከመሥራት እንዴት እንደሚለይ በዚያ ዘመን ለማንም ቀላል አልነበረም፤ ለኮቬሎም እንዲሁ። የጣሊያኑን ልጅ በቋንቋው ማኩራት ብቻውን እንደማይበቃ ግን ፍራንክሊን ውስጥ ግልጽ ሆኖ ነበር፤ ልጁ አጠገቡ የተቀመጠውን ጥቁርና ፖርቶ ሪካዊ ልጅም ማክበር ነበረበት።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ኮቬሎ የባህል ለባህል ትምህርት መሥራች ከሆነችው ከሬቸል ዴቪስ ዱቦይስ ጋር ሠሩ። ዱቦይስ ኩዌከር መምህርት ነበረች፤ ተማሪዎች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ በየተራ የአንድ ሕዝብ ታሪክ፣ ሙዚቃና ሥራ እንዲቀርብ የሚያደርግ አሠራር ነበራት። በመድረክ ላይ የሚቀርበው ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹን ይበልጥ ያቀራረባቸው የቤት ጉዳይ ይመስላል። ኢስት ሃርለም ውስጥ አይጥ የሚመላለስባቸው፣ ብርሃን የማይገባቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ የሚዛመትባቸው ቤቶች ለጣሊያናዊም ለፖርቶ ሪካዊም ለጥቁርም እኩል ነበሩ። ተማሪዎቹ ከመምህሮቻቸውና ከሰፈሩ ኮሚቴ ጋር አጠኑ፣ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ፣ ለሹማምንት አመለከቱ። በ1941 የኢስት ሪቨር ሃውስስ የመንግሥት መኖሪያ ቤቶች በሰፈሩ ተሠርተው ነዋሪ ተቀበሉ። ድሉ የትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ማርካንቶኒዮና ላጋርዲያም ሰርተውበታል። ሆኖም አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የቆጠራቸው ብሎኮች ወደ ቤት ሲለወጡ ማየቱ በብዙ ንግግር ሊሰጠው የማይቻል ትምህርት ነው።

ኮቬሎ ለትምህርት ቤቱ ትክክለኛ ሕንፃ ሲጠይቁ፣ ከኢስት ሃርለም ውጭ ይሠራ ያሉ ነበሩ። እርሳቸው በሰፈሩ መካከል፣ ወንዙ ዳር፣ ሰው በቀላሉ ሊደርስበት በሚችል ቦታ እንዲሆን አጥብቀው ተከራከሩ። ኤሪክ ኬቦን የነደፈው ሕንፃ በፕሌዛንት ጎዳና፣ ከኢስት ሪቨር ትይዩ ተሠርቶ በሚያዝያ 1942 በላጋርዲያ ተመረቀ። አሜሪካ ከአራት ወር በፊት ጦርነት ገብታ ነበር። ዜግነት ያልወሰዱ ጣሊያናውያን በሙሉ፣ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች፣ የጠላት አገር ዜጎች ተብለው ተመዝግበዋል። ፍራንክሊን ለእነዚህ ወላጆች የዜግነት ማመልከቻ የሚሞላላቸው፣ ለፈተናው የሚያዘጋጃቸው ቦታ ሆነ።  መንግሥት ስያሜውን ከጣሊያናውያን ላይ ያነሣው በጥቅምት 1942፣ በኮሎምበስ ቀን ነው።

ኮቬሎ በ1944 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የምርምራቸው ርእስ የጣሊያናዊ-አሜሪካዊ ተማሪ ማኅበራዊ መሠረት ነበር። በመምህራኑ ዘንድ የሚወራውን «ስንፍና» ገልብጠው አዩት፤ ልጁ የሚቀረው ቤተ ሰቡ ትምህርትን ስለማያከብር ሳይሆን፣ ቤተ ሰቡ የሚያከብረው ሌላ ሥርዓት ስላለው ነው ብለው አስረዱ። ጥናቱ በመጽሐፍ የወጣው በ1967 ነው፤ በአሜሪካ ስለ ስደተኛ ተማሪዎች ከተሠሩት ጥልቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይኖራል። በኮቬሎ አሠራር ግን አንድ ጉድለት ይታይ ነበር፤ እርሱም ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው መደበኛውን ጣሊያንኛ መሆኑ ነው። የልጆቹ እናቶች የሚናገሩት ደግሞ የመንደራቸውን ቀበልኛ። ልጁ ሁለት ቋንቋ ሳይሆን ሦስት ይሸከም ነበር።

ከጦርነቱ ማብቂያ ጋር ሌላ ፈተና መጣ። በመስከረም 1945 መጨረሻ ላይ በትምህርት ቤቱ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የተጀመረ ጸብ ወደ ጎዳና ወጣ። ጋዜጦች «የዘር ረብሻ» ብለው አወሩት። የተማሪ ወላጅ የሆነ ማንኛውም ሰው ልጁን ከዚህ ትምህርት ቤት ማውጣት ሊያስብ የሚችልበት ቀን ነበር። ኮቬሎ ግን ትምህርት ቤቱን ዘግተው አልተቀመጡም፤ ወላጆችን፣ መምህራንን፣ የሃይማኖት አባቶችንና የተማሪ መሪዎችን ሰበሰቡ። በጥቅምት 12 በኮሎምበስ ቀን ሰልፍ የፍራንክሊን ጥቁርና ጣሊያናዊ ተማሪዎች አብረው ተራመዱ። በዚያው ወር ወጣቱ ፍራንክ ሲናትራ፣ እርሱም የጣሊያን ስደተኞች ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ዘረኝነትን ተቃውሞ ተማሪዎቹን አነጋገረ። የጋዜጣው ወሬ ሲቀዘቅዝ ሥራው ቀጠለ። ልጆቹ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው ጸቡን እንደማይፈታ ኮቬሎ ያውቁ ነበር፤ ለዚያም ነው ችግሩን በቅጣት ብቻ ለማብረድ ያልሞከሩት።

ሰፈሩም ተለወጠ። ከጦርነቱ በኋላ የአውሮፕላን ጉዞ ሲረክስ ከፖርቶ ሪኮ የሚመጣው ሕዝብ በብዛት ጨመረ። ፖርቶ ሪካውያን ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ቢሆንም ቋንቋቸው ስፓኒሽ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ የነበሩት በ1940 60 ሺህ ያህል ሲሆኑ በ1960 ከ600 ሺህ በለጡ። ጣሊያናውያኑ በበኩላቸው ወደ ብሮንክስና ወደ ሎንግ አይላንድ እየሄዱ ኢስት ሃርለምን ለቀቁ። ኮቬሎ ሠላሳ ዓመት በጣሊያናውያን ላይ ያካበቱትን ልምድ ከአዲሶቹ ልጆች ጋር እንደገና ጀመሩ። ወደ ፖርቶ ሪኮ ተጉዘው የልጆቹን አገር አዩ፣ ክለብ ቦሪንከን የተሰኘ የፖርቶ ሪካውያን ተማሪዎች ክበብ እንዲቋቋም ረዱ፣ ስፓኒሽ የሚናገሩ መምህራንን ፈለጉ። የጥንቱ ቀመር በሚገባ ሠርቷል ለማለት ግን ያስቸግራል። በዘመነ ሩዝቬልት ሥራውን የተሸከመው የመንግሥት ሠራተኛ ቡድን ጦርነቱ ሲመጣ ቀርቷል፤ የሱቆቹ ቢሮዎችም ተዘግተዋል። የቀዝቃዛው ጦርነት ፍርሃትም ተጨመረ፤ ከ1949 በኋላ ኒው ዮርክ ኮሚኒስት ናቸው የሚባሉ መምህራንን በሕግ ማባረር ጀመረች። ማርካንቶኒዮም በ1950 ምርጫ ተሸነፈ። የአንድ ሰው ፍቅርና ጥረት ያለ ገንዘብና ያለ ሕግ ምን ያህል እንደሚጓዝ እነዚህ ዓመታት አሳይተዋል።

ኮቬሎ በ1956 ጡረታ ወጡ። ነገር ግን አልተቀመጡም፤ የፖርቶ ሪኮ የሥራ ሚኒስቴር በኒው ዮርክ በነበረው የስደተኞች ክፍል በትምህርት አማካሪነት ሠሩ። በ1958 ግለ ታሪካቸውን አሳተሙ።

በከተማው የትምህርት ቦርድ ጥናት የፖርቶ ሪካውያን ልጆች ችግር በ1950ዎቹ በይፋ ታወቀ። ሆኖም ለውጥ የመጣው ወላጆቹ ሲደራጁ ነው። አንቶኒያ ፓንቶሃ በ1961 አስፒራ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በ1968 የአሜሪካ ምክር ቤት የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ኸርናን ላፎንቴይን በደቡብ ብሮንክስ የ25 ቁጥር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ልጆች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ አብረው የሚማሩበትን በኒው ዮርክ የመጀመሪያውን የመንግሥት ትምህርት ቤት መሩ። ላፎንቴይን ከኮቬሎ በአንድ ነገር ይለያሉ። ኮቬሎ ስፓኒሽንም ጣሊያንኛንም ለክብርና ለመቀራረብ ሲያስገቡ፣ ላፎንቴይን ልጁ ሂሳብንና ሳይንስን ገና እንግሊዝኛ ሳይደርስለት በገዛ ቋንቋው እንዲማር አደረጉ።

በጥር 1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች በቀረበ ክስ ላይ በአንድ ድምፅ ፈረደ። ፍርዱ ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር ስለተሰጠው ብቻ እኩል ተስተናገደ አይባልም የሚል ነበር። በነሐሴ ወር ደግሞ አስፒራ በኒው ዮርክ የትምህርት ቦርድ ላይ የመሠረተው ክስ በስምምነት ተጠናቀቀ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በቋንቋቸው እየተማሩ እንግሊዝኛ እንዲለምዱ ግዴታ ሆነ። በዚህ ስምምነት የኮቬሎ ዘመን ሥራ ከርእሰ መምህር ፈቃድ ወጥቶ የተማሪ መብት ሆነ። የኢስት ሃርለሙ ሰው ለሠላሳ ዓመት በስብሰባ፣ በማሳመንና በልመና ያስገቡት፣ ከእንግዲህ በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ነገር ነበር።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ግን በዚህ ለውጥ አልዳነም። በ1970ዎቹ ተማሪ የሚያቋርጥበትና ውጤቱ የወደቀበት ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከተማውም በ1982 ዘጋው። በዚያው ዓመት በሕንፃው ውስጥ የማንሃተን የሳይንስና የሒሳብ ማዕከል የተባለ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኮቬሎ በ1972 ወደ ኢጣሊያ ተመልሰው፣ በሲሲሊ ድሃ ገበሬዎች መካከል ይሠራ ከነበረው ከዳኒሎ ዶልቺ ጋር በትምህርት ሥራ ተሳትፈው ነበር። እርሳቸውም በነሐሴ 1982 በመሲና አረፉ። ደብዳቤዎቻቸው፣ የትምህርት ቤቱ ጥናቶችና የሰፈሩ ካርታዎች ዛሬ በፔንስልቬንያ ታሪክ ማኅበር በፊላዴልፊያ ይገኛሉ። ማይክል ጆሃኔክና ጆን ፑኬት በ2007 የትምህርት ቤቱን ሙሉ ታሪክ ያሳተሙት በእነዚህ ሰነዶች ላይ ተመሥርተው ነው።